የቤተሰብ እርሻና የጎረቤት ጉልበት በሐይቅና በአምባሰል

የቤተሰብ እርሻ ሲባል በብዙ የከተማ ሰው አእምሮ የሚመጣው በአጥር የተከለለ፣ ባለቤቱ ብቻውን የሚያዝበት፣ ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ካልሆነ በስተቀር የማይገናኝ ማሳ ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በምትገኘው በሐይቅ ከተማ ዙሪያና ከዚያም አልፎ በውጫሌ አቅጣጫ በሚዘረጋው የአምባሰል ተዳፋት ያለው አኗኗር ግን ይህን ሥዕል አይመስልም። እዚያ አብዛኛው ቤተሰብ ያለው መሬት ከአንድ ሔክታር ያነሰ ነው። ይህን ያህል ጠባብ መሬት ያለው ገበሬ አፈሩን ሳያሟጥጥ፣ ልጆቹንም ሳያስርብ ከዓመት ዓመት የሚሻገረው በምን ኃይል ነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ የሚከተለው ነው፦ በራሱ ጉልበትና ለማኅበረሰቡ በከፈተው በር። ሁለቱ ተነጣጥለው አይቆሙም።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በወሎ የነበረው ጭሰኛ ከምርቱ ሢሶውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰፍር ነበር። በዚህ ዓይነት የምርት ግንኙነት ውስጥ እርከን መሥራት፣ ዛፍ መትከል፣ አፈርን ማዳበር ለጭሰኛው ትርጉም አልነበረውም፤ ዛሬ ያለማውን መሬት ነገ ሊነጠቅ ይችል ነበርና። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 ይህን ግንኙነት ቆረጠው። አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለውን መሬት በ10 ሔክታር ወሰነ፤ እንደ ወሎ ሕዝብ በተጨናነቀበት አገር እንኳንስ 10 ሔክታር፣ ሁለቱን ማግኘትም ብርቅ ነበር። ይኸው አዋጅ ሌላ የኑሮ ምንጭ ለሌላት ሴትና ለአቅመ ደካማ ካልሆነ በስተቀር በቅጥር ጉልበት ማሳረስንም ከለከለ። እንግዲህ አጨዳው በአንድ ሳምንት ሲደርስና የባልና የሚስት እጅ ሳይበቃ ሲቀር፣ ለገበሬው የቀረለት የጎረቤቱ እጅ ነው።

በንድፈ ሐሳብ ረገድ በዚህ ጉዳይ ላይ የተካሄደው ክርክር ረዥም ነው። በ1899 እ.ኤ.አ. ካውትስኪና ሌኒን በየፊናቸው ባሳተሟቸው መጻሕፍት፣ ካፒታሊዝም ባደገ መጠን አነስተኛው ገበሬ እየተከፋፈለ ጥቂቱ ወደ ሀብታምነት፣ ብዙኃኑ ወደ ወዛደርነት እንደሚሄድ አስረድተው ነበር። ሩሲያዊው የእርሻ ምጣኔ ሀብት ሊቅ አሌክሳንደር ቻያኖቭ ግን በ1925 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራው ሌላ ስሌት አቀረበ። በእርሱ አመለካከት የገበሬ ቤተሰብ እንደ ነጋዴ ትርፍና ኪሳራ ብቻ አያሰላም፤ የሚበሉትን አፎችና የሚሠሩትን እጆች ያመዛዝናል፤ ጎተራው ሲጎድል ድካሙን ይጨምራል፣ ልጆቹ ለሥራ ሲደርሱ ደግሞ ጥቂት ያርፋል። ኅብረትን በተመለከተም ቻያኖቭ ማሳው በቤተሰብ እጅ ይቆይ፣ ኅብረቱ በዘር፣ በማቀነባበርና በገበያ ይሁን ይል ነበር። በ1930 እ.ኤ.አ. ታሰረ፣ በ1937 ተረሸነ፤ ስሙ የታደሰው ከ50 ዓመት በኋላ በ1987 ነው። ኤንግልስ ራሱ በ1894 እ.ኤ.አ. ስለ ገበሬው ጥያቄ ሲጽፍ፣ አነስተኛው ገበሬ ወደ ኅብረት የሚመጣው በምሳሌና በእርዳታ እንጂ በኃይል እንዳይሆን አስጠንቅቆ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ይህን ያነበቡ ሁሉ ግን ሁልጊዜ አልተገበሩትም።

በአገራችንም የሆነው ይኸው ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የተስፋፉት የገበሬዎች አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት መሬትንና በሬን አንድ ላይ አደረጉ፤ በየካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ሲወጣ ደግሞ በጥቂት ወራት ውስጥ አብዛኞቹ ፈረሱ። በዚያው ዘመን በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር በወሎ ተራሮች ላይ ከተሠሩት እርከኖች ብዙዎቹ በ1983 ዓ.ም. የሥርዓት ለውጥ ሰሞን በገዛ ገበሬው እጅ ተናዱ። ደቦውና ወንፈሉ ግን አልፈረሱም። ይህን አይቶ ገበሬው የጋራ ሥራ ጠላት ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል፤ ፍርዱ ትክክል አይደለም። ገበሬው የጣለው ከላይ የታዘዘለትንና ነገ የማን እንደሚሆን ያላወቀውን ሥራ ነው።

ደቦንም ቢሆን ያለ ትችት ማወደስ አይገባም። ደቦ የሚጠራ ሰው ሠራተኛውን ያበላል፣ ያጠጣል፤ ስለዚህ ጎተራው የሞላው ትልቅ ደቦ ሲጠራ፣ ድኻው ጥቂት ሰው እንኳ ለመሰብሰብ ይቸገራል። ደቦ በዚህ መልኩ የነበረውን ልዩነት ሊያሰፋ ይችላል። ወንፈል ግን ጉልበትን በጉልበት የሚመልስ በመሆኑ ከደቦ ይልቅ ለእኩልነት የቀረበ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች በመቀናጆ ሲያርሱም እንዲሁ ነው። ሞፈርና ቀንበር የምትይዝበት ልማድ የሌላት፣ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ የምርቷን ግማሽ ከምታጣ ይልቅ ጎረቤት በተራው ቢያርስላት ቤቷ ይቆማል። በአማራ ክልል ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በተሰጠው የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ላይ የሚስት ስም ከባሏ ጋር መጻፉ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም ደብተር ብቻውን አያርስም።

ስለ አፈር በአሐዝ እንነጋገር። በ1981 እ.ኤ.አ. ከደሴ በስተደቡብ በማይባር የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ ነበር። ይህን መሰል ጣቢያዎችን ያቀፈውን መርሐ ግብር የመራው ስዊዛዊው ሃንስ ሁርኒ በአገራችን ደጋማ ክፍል ከታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሔክታር 42 ቶን ያህል አፈር እንደሚታጠብ ገምቷል። ግማሽ ሔክታር ያለውን ገበሬ እንውሰድ። በዚህ ስሌት በየዓመቱ 210 ኩንታል አፈር ከማሳው ይወጣል ማለት ነው፤ ከዚያው ማሳ 10 ኩንታል ጤፍ ያገኘ ገበሬ ግን ደህና አመረተ ይባላል። ለእያንዳንዱ ኩንታል ጤፍ 21 ኩንታል አፈር ይከፈላል! በሐይቅ ዙሪያ ደግሞ ይህ አፈር የት እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋው ሐይቅ በገጸ ምድር የሚታይ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ከዙሪያው ተዳፋት የወረደው ደለል እዚያው ይቀራል።

ይህን ጥፋት አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሊያቆመው አይችልም። ታታሪው ገበሬ በማሳው ላይ እርከን ቢሠራ፣ በላይኛው ጎረቤቱ መሬት የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ከሌለ የክረምቱ ጎርፍ እርከኑን በአንድ ከሰዓት በኋላ ይንደዋል። ስለዚህ እርከን ከላይ ወደ ታች፣ ከተራራው ጫፍ ጀምሮ የሚሠራ የጋራ ሥራ ነው፤ ማሳውን ለዚህ ሥራ የዘጋ ሰው የሚጎዳው የታችኛውን ጎረቤቱን ነው። ከእርከኑ በኋላ የሚመጣው ሥራ ግን የቤተሰቡ ነው፤ በእርከኑ ጠርዝ ሣር መትከል፣ እበትን፣ አመድን፣ የጓሮ ጥራጊንና ቅጠልን በጉድጓድ አከማችቶ ከሦስት እስከ አራት ወር አብላልቶ ብስባሽ ማውጣት። አገራችን የአፈር ማዳበሪያን ከውጭ በምንዛሪ የምትገዛ ናትና፣ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ገበያ ሲወደድ የተሰማውን ጫና ያስታወሰ ሰው የብስባሹን ጉድጓድ አይንቀውም።

ዘርን በሚመለከት ወሎ ለዓለም ያስተማረው ነገር አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ማሽላዎችን ሲመረምሩ፣ ላይሲን በተባለው የገንቢ ምግብ ክፍል ከሌሎቹ እጅግ የላቁ ሁለት ዓይነቶችን አገኙ። ሁለቱም ከወሎ የሄዱ ነበሩ። የወሎ ገበሬ የዚህን ዓይነቱን ማሽላ «ወተት በጉንጬ» ይለዋል፤ ስሙ የላቦራቶሪውን ውጤት አስቀድሞ ተናግሯል። ፍሬው የጨመደደ፣ ምርቱም ዝቅተኛ በመሆኑ ገበሬው ከሌላው ማሽላ መካከል ጥቂት ብቻ ይዘራና በእሸቱ ጠብሶ ይበላዋል። ገበያ ብቻ የሚያሰላ እርሻ ይህን ዘር ከጣለው ቆይቶ ነበር። ልብ የሚሰብረው ግን ግኝቱ በታተመበት በዚያው ዓመት ዘሩን ለትውልድ ጠብቆ ያቆየው የወሎ ገበሬ በረኃብ እያለቀ መሆኑ ነው። እውቀት ነበረው፤ ያልነበረው መሬቱና ሥልጣኑ ነው።

ዳግመኛ በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ መሬቱ የሕዝብ ነበር፤ ረኃቡ ግን አልቀረም። ይህን መሸሸግ ለማንም አይበጅም። ተመራማሪው ደሳለኝ ራሕማቶ የአምባሰልን ገበሬዎች አነጋግሮ በ1991 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት የሚያሳየው፣ ገበሬው እጁን አጣጥፎ እርዳታ የጠበቀ አለመሆኑን ነው። በመጀመሪያ ምግቡን ቀነሰ፣ ቀጥሎ ፍየሉንና በጉን ሸጠ፣ ሥራ ፍለጋ ወጣ፤ የእርሻ በሬውን መሸጥና ቀዬውን መልቀቅ የመጨረሻዎቹ እርምጃዎች ነበሩ። በእንዲህ ያለው ጊዜ ከዘመድና ከጎረቤት የተገኘች እፍኝ እህል አንድ ቤተሰብ በሬውን ከመሸጥ ለጥቂት ሳምንት ታዘገየዋለች፤ ያቺ ሳምንት ደግሞ ዝናብ የሚመጣባት ልትሆን ትችላለች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን በደረሰ ጊዜም ማሳውን ጥሎ የሸሸው ሲመለስ የፈለገው ያንኑ ነው፦ ዘርና በሬ።

ለማኅበረሰቡ ክፍት የሆነ እርሻ ስንል ግን ልቅ ግጦሽ ማለታችን አይደለም። ከአጨዳ በኋላ የመንደሩ ከብት ሁሉ በማሳው እንዲሰማራ መፍቀድ ጥንታዊ የመተሳሰብ ልማድ መሆኑ አይካድም። ዛሬ ግን ያው ልማድ የእርከኑን ጠርዝ ይረግጣል፣ የተተከለውን ሣርና ችግኝ ይበላል፣ ለአፈሩ መመለስ የሚገባውን ቃርሚያ ይጨርሳል። እዚህ ላይ እውነተኛ ቅራኔ አለ፤ ልቅ ግጦሽን በመከልከል በቅድሚያ የሚጎዳው ሁለት ፍየል እንጂ መሬት የሌለው ድኻ ነው። በመሆኑም ክልከላው ሣር አጭዶ የመውሰድን መብት ለእርሱ ካላስቀደመ በስተቀር ፍትሕ አይደለም፤ ደግሞም አይከበርም።

ጫት ሌላው ፈተና ነው። በሐይቅ አካባቢ በመስኖ የሚለማው ጫት ከማንኛውም እህል ፈጥኖ ገንዘብ ያስገኛል፤ በወሎ የዱዓ ሥርዓት ውስጥም ቦታ ያለው ነውና በግልብ ውግዘት የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ነገር ግን ማሳው በሙሉ ጫት የሆነበት ቤተሰብ ለጎረቤቱ የሚያበድረው ዘር፣ ለከብቱ የሚሰጠው ገለባ፣ በክፉ ቀን የሚያካፍለው እህል የለውም። የመስኖውን ውኃ ተራ የሚመራው የውኃ አባት ለጫቱም ለሽንኩርቱም በእኩል ይመድባል፤ የትኛው ይቀድማል የሚለውን መወሰን ያለባቸው ግን ተጠቃሚዎቹ ሁሉ ተሰብስበው ነው።

የደሴና የኮምቦልቻ ሠራተኛ፣ የቀበሌም ማኅበርተኛ ይህ ሁሉ እኔን ምን አገባኝ ሊል አይችልም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ስለ ወተት፣ ስለ እንቁላል፣ ስለ ማርና ስለ ዓሣ ብዙ ተነግሯል። የሐይቅ ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ወደ ሐይቁ የተጨመረ ነው፤ ዛሬ ጠረጴዛችን ላይ የሚቀርበውም ከላይ ያሉት ማሳዎች አፈራቸውን እስከያዙ ድረስ ነው። የአምባሰል ስም በዜማም በአፈ ታሪክም ከማር ጋር ይነሣል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች ደግሞ በተከለሉ ተራሮች ላይ ተደራጅተው ንብ እንዲያንቡ በክልሉ ሲደረግ ቆይቷል። ንቧ ግን ከተራራው ወርዳ የምትቀስመው ከቤተሰቦቹ ማሳ ነው፤ ከኑጉ፣ ከባቄላው፣ ከጓሮው አበባ፤ በኬሚካል ከተረጨው ጫት አጠገብም ታልፋለች። ስለዚህ ባለማሳው የሚረጭበትን ቀን አስቀድሞ ለባለቀፎው ይንገረው፤ ርጭቱም ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን። ይህን ለመወሰን ከወረዳ መመሪያ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በሚቀጥለው የቅሬ ስብሰባ ሊነሣ ይችላል።