በዱር መስክ ቢራቢሮንና የእሳት ራትን ስለ መፈለግ

ክረምቱ አልፎ ሜዳው አበባ በሚለብስበት በመስከረምና በጥቅምት ወር፥ ልጆችን ይዞ ወደ መስክ መውጣትና ቢራቢሮ መፈለግ ለዓይን ደስታ ለአእምሮም ትምህርት ነው። ቢራቢሮና የእሳት ራት የአንድ ወገን ፍጥረቶች ስለ ሆኑ፥ መለያቸውን አስቀድሞ ለልጆች መንገር ያስፈልጋል። የቢራቢሮ ቀንድ ጫፉ እንደ ዱላ ራስ ድቡልቡል ነው፤ የእሳት ራት ቀንድ ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ክር የቀጠነ ወይም እንደ ላባ የተበተነ ነው። ቢራቢሮ በፀሐይ፥ የእሳት ራት ግን አብዛኛውን በሌሊት ትበራለች።

ነገር ግን ክንፏን ብቻ የሚከተል ሰው ግማሹን አላየም። እንቁላሏ ከአበባና ከቅጠል ጋር ተጣብቆ፥ ትሏም በሣር ውስጥ ተሰውራ ትገኛለችና፥ ፈላጊው ጐንበስ ብሎ መሬቱን ሊመረምር ይገባዋል። ይህ ሳይታወቅ በመቅረቱ በእንግሊዝ አገር የደረሰው ጥፋት ለምሳሌ ይበቃል።

በዚያ አገር «ትልቋ ሰማያዊ» የምትባል ቢራቢሮ ነበረች። ቍጥሯ እየጐደለ በሄደ ጊዜ፥ ወዳጆቿ ጥፋቱ ቢራቢሮ ከሚሰበስቡ ሰዎች የመጣ መስሏቸው መስኩን አጥረው ሰውንም ከብትንም ከለከሉ። ቢራቢሮዪቱ ግን ይልቁን አነሰች። ጄረሚ ቶማስ የተባለ ሊቅ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1972 ዓመት ጀምሮ በመጨረሻ በቀረችበት መስክ ኑሮዋን መረመረ። ቢራቢሮዪቱ እንቁላሏን የጦስኝ ወገን በሆነ ተክል አበባ ላይ ትጥላለች፤ ትሏም ጥቂት ሳምንት አበባውን ከበላች በኋላ ወደ መሬት ትወድቃለች፤ አንድ ዓይነት ቀይ ጉንዳን የራሱ ልጅ መስላው ወደ ጐሬው ይወስዳታል፤ እርስዋም የጉንዳኑን እጮች እየበላች ታድጋለች። ይህም ጉንዳን የሚመቸው ከብት ጋጦ ሣሩን ያሳጠረው፥ ፀሐይ የሚያሞቀው መሬት ነው። ከብቱ በታገደ ጊዜ፥ ጥንቸሎችም በበሽታ ባለቁ ጊዜ፥ ሣሩ ረዘመ፥ መሬቱም ቀዘቀዘ፥ ጉንዳኑም ጠፋ።

ምሥጢሩ ሲገለጥ ጊዜው አልፎ ነበርና በ1979 ዓመት ቢራቢሮዪቱ ከእንግሊዝ ምድር ጠፋች። በኋላም መስኩ እንደ ቀድሞው እንዲጋጥ ተደርጎ፥ በ1983 ዓመት ዘሯ ከስዊድን አገር መጣ፤ ዛሬም በዚያ ትበራለች።

እንግዲህ፥ አንባቢ ሆይ፥ ልጅህ ቢራቢሮ ባየ ጊዜ ለመያዝ ከመሮጡ በፊት፥ በምን አበባ ላይ እንዳረፈች፥ ሣሩን ማን እንደ ጋጠው፥ ከሥሩም ምን እንደሚኖር እንዲጠይቅ አስተምረው። የሚወዱትን ነገር ኑሮውን ሳያውቁ ማጠር፥ ጠባቂ መስሎ ማጥፋት ነውና።