ጣት ፈጥኖ ዓይን ሲዘገይ

የኢትዮጵያን ሰንጠረዥ ከሌላው ዓለም ቼዝ የሚለየው አንድ ደንብ አለ። ጨዋታው ሲጀመር ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱም ተጫዋቾች አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ ጠጠራቸውን ይገፋሉ፤ ተራ በተራ መጫወት የሚመጣው ከሁለት አንዳቸው የመጀመሪያውን ጠጠር ከበላ በኋላ ነው። ይህ መክፈቻ ወረራ ይባላል። የሰንጠረዥን ታሪክና ደንብ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ባሳተሙት ጥናት ዘርዝረውታል። ወረራን ለማያውቅ ሰው ነገሩ ግርግር ይመስለዋል፤ እጁ የፈጠነ ሁሉ የሚያሸንፍም ይመስለዋል። ግን ተጋጣሚው ፈረሱን ወዴት እንዳዞረ ያላየ ሰው ጠጠሮቹን ምንም ያህል በፍጥነት ቢደረድር የሚደረድረው ለሌላ ጨዋታ ነው። ዓይኑን ከራሱ እጅ አንሥቶ የባላጋራውን እጅ የሚያይ፣ ባየውም መሠረት አሰላለፉን የሚለውጥ ሰው ተራው ሲጀመር የተሻለ ቦታ ይዞ ይጠብቃል። ዛሬ በኢንተርኔት የሚጫወቱት የስትራቴጂ ጌም ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ልዩነቱ ወረራው አለመቆሙ ነው፤ ከመጀመሪያው ሰከንድ እስከ መጨረሻው ተራ የለም። ጎበዝ ተጫዋችም እንደ ወረራው ሰው ይመስለኛል፦ ያለችውን ጥቂት ትኩረት የት ላይ እንደሚያውላት፣ ከየትኛው ቦታ ላይ ደግሞ ሳይሳሳ እንደሚያነሣት የሚያውቅ ሰው ነው።

ጌሙን ተጫውቶ ለማያውቅ አንባቢ አንድ ምሳሌ ልውሰድ። በ1999 የወጣው ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ ሁለት ዛሬም ብዙ ተጫዋች አለው። በ2015 በወጣው የአፍሪካ መንግሥታት ማስፋፊያ ኢትዮጵያውያን እንደ አንድ ሕዝብ ገብተውበታል፤ ስለ ዮዲት የተሠራ ዘመቻ አለው፣ ሾተል የያዘ ተዋጊ አላቸው፣ ወታደሩን በማውዝ ሲመርጡት በአማርኛ ይመልሳል። (ይህን ለመስማት ብቻ ጌሙን የገዛ የአገራችን ሰው ቢኖር አይገርመኝም።) ተጫዋቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በሦስት ገበሬና በአንድ ቃኚ ነው። ገበሬዎቹ በግ ያርዳሉ፣ እንጨት ይቆርጣሉ፣ ወርቅ ይቆፍራሉ፤ ከሚገኘው ሀብት ሌላ ገበሬ፣ ቤት፣ በኋላም ጦር ይወጣል። ካርታው ጭጋግ ለብሷል፤ የሚታየው የራስ ሰው የቆመበት አካባቢ ብቻ ነው። ስክሪኑ ደግሞ ከካርታው ጥቂቱን ብቻ ስለሚያሳይ ጦሩን የሚመለከት ሰው ከተማውን አያይም፣ ከተማውን የሚመለከት ጦሩን አያይም። አንድ ገበሬ ለማውጣት 50 ምግብና 25 ሰከንድ ያስፈልጋል። ጀማሪው ድንበር ላይ በተነሣ ግጭት ተማርኮ ሁለት ደቂቃ ዓይኑን ከዚያ ሳይነቅል ቢቆይና ገበሬ የሚያወጣው የከተማው ማዕከል ሥራ ቢፈታ፣ አምስት ያህል ገበሬ ሳይወለድ ቀረ ማለት ነው። እነዚያ ገበሬዎች እስከ ጨዋታው ማብቂያ ያመጡት የነበረው እንጨትና ወርቅም አብሮ ቀርቷል። ብዙ ገበሬ ባንዴ አዝዞ መርሳት አይቻልም ወይ የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ ግን የሁሉም ምግብ ዋጋ አስቀድሞ ስለሚቆረጥ ሌላ ሥራ ይታሰራል። ግጭቱን አሸንፎ ጨዋታውን የተሸነፈ ሰው ብዙ ጊዜ የተሸነፈው ባላየው ከተማው ውስጥ ነው።

ሕዝቡ ስለ ጥሩ ተጫዋች ሲያወራ የሚያነሣው ግን ጣትን ነው። የስትራቴጂ ጌም ተጫዋች በደቂቃ ስንት ትእዛዝ እንደሚሰጥ የሚቆጥር መለኪያ አለ፤ ስታርክራፍት በተባለው ሌላ የስትራቴጂ ጌም ከላይኛው እርከን ያሉት በደቂቃ ከ300 በላይ መስጠታቸው የተለመደ ነው። ለተመልካች ጣቶቹ በኪቦርዱ ላይ ሲርመሰመሱ ማየት ያስደንቃል፣ ስለዚህም ምክንያቱ እዚያ ያለ ይመስላል። ይህን እምነት በደንብ የፈተነው ሰው ሳይሆን ኮምፒዩተር ነው። ዲፕማይንድ የተባለው ኩባንያ በጥር 2019 አልፋስታር የተባለ ፕሮግራሙን ይፋ ሲያደርግ፣ በጌሙ ሁለተኛ ክፍል በስታርክራፍት ሁለት፣ ቲኤልኦ እና ማና በሚባሉ ሁለት ፕሮፌሽናሎች ላይ እያንዳንዳቸውን 5 ለ 0 ያሸነፈባቸውን ጨዋታዎች አሳየ። የፕሮግራሙ አማካይ ፍጥነት በደቂቃ ወደ 280 ትእዛዝ ገደማ ነበር፤ የማና ደግሞ 390 ገደማ። ማለትም የተሸነፈው ሰው ከአሸናፊው ማሽን ይልቅ ጣቱ ይፈጥን ነበር።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን እኔን የሚስበኝ ያን ቀን በቀጥታ የተላለፈው አሥራ አንደኛው ጨዋታ ነው። አልፋስታር አሥሩን ሲያሸንፍ ስክሪኑን ማንቀሳቀስ አያስፈልገውም ነበር፤ ጭጋግ ያልሸፈነውን ካርታ በሙሉ ባንድ ጊዜ ያይ ነበር። ለቀጥታው ጨዋታ የቀረበው ቅጂ ግን እንደ ሰው ዓይኑን ከቦታ ወደ ቦታ ማዘዋወር ነበረበት። ማናም ይህን ጨዋታ አሸነፈ። ያደረገው ተንኮል የሚያስቅ ያህል ቀላል ነው። በበራሪ ማጓጓዣ ሁለት ከባድ ተዋጊ ጭኖ ከማሽኑ ሰፈር ጓሮ አወረደ፤ የማሽኑ ጦር በሙሉ ለመከላከል ሲመለስ ጭኖ ወጣ፤ ጦሩ ሲሄድ ተመልሶ አወረደ። ማሽኑ ሠራዊቱን በሙሉ ወዲህና ወዲያ ሲያመላልስ ማና ሰፈሩን እያደራጀ የሚበልጥ ጦር ሠራ። በርግጥ አንድ ጨዋታ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ ያ ቅጂም ሥልጠናው ገና አጭር ነበር። ነገር ግን ማና ያጠቃው የማሽኑን ጣት አይደለም። ሁለት ተዋጊ የሚገባቸውን ያህል ትኩረት ብቻ መስጠት አለመቻሉን ነው ያጠቃው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ይፋ እንደሆነው፣ የስክሪን ገደብ የተጣለበትና የትእዛዙ ፍጥነት ከሰው እንዳይበልጥ የተወሰነበት ቅጂ፣ ማንነቱ ሳይገለጥ በኢንተርኔት ከተራ ተጫዋቾች ጋር ሲጋጠም ከ99.8 በመቶው በላይ ሆኖ ተገኘ። ፍጥነቱ ተወስኖ፣ እይታው ጠቦ አሸነፈ።

እዚህ ላይ የጣት ወገኖች ተገቢ ተቃውሞ አላቸው። የአልፋስታር አማካይ ፍጥነት ዝቅ ቢልም በፍልሚያ መካከል ለጥቂት ሰከንዶች ማንም እጅ በማይደርስበት ፍጥነትና ትክክልነት ወታደሮቹን አንድ በአንድ ያንቀሳቅስ እንደነበር የጨዋታው አዋቂዎች ወዲያው አስተውለዋል። እውነት ነው፤ አማካይ ቁጥር ብዙ ነገር ይደብቃል። ጣትም ዋጋ የለውም ማለት አይደለም፤ የተወሰነ ፍጥነት ላይ ያልደረሰ ሰው ያሰበውን ማድረግ አይችልም፣ እንደ መግቢያ ትኬት ነው። ጥያቄው ትኬቱን ከያዙት መካከል ማን ፊት ይቀመጣል የሚለው ነው። በካናዳ የሳይመን ፍሬዘር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2013 ከሰባት እርከን የተውጣጡ 3,360 የስታርክራፍት ሁለት ተጫዋቾች ጨዋታዎቻቸውን መርምረው ነበር። የቆጠሩት የትእዛዝ ብዛትን ብቻ አልነበረም፤ ተጫዋቹ ስክሪኑን ወደ አዲስ ቦታ ካዞረ በኋላ የመጀመሪያውን ሥራ እስኪሠራ ስንት ጊዜ እንደሚወስድበት፣ ስንት ጊዜ ዓይኑን እንደሚያዘዋውር፣ ሠራዊቱን በአቋራጭ ቁልፎች እንዴት እንደሚያደራጅም ለኩ። ያገኙት ነገር ጣትንም ሆነ ሌላ ነጠላ ምክንያት የሚሹትን አያስደስትም፦ ጀማሪውን ከመካከለኛው የሚለየው ነገርና መካከለኛውን ከላይኛው የሚለየው ነገር አንድ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት እነዚያው ተመራማሪዎች ከ16 እስከ 44 ዓመት ያሉትን ሲያነጻጽሩ ደግሞ አይቶ የመሥራት ፍጥነት ከ24 ዓመት ጀምሮ መቀነስ እንደሚጀምር፣ ጎበዝ መሆንም ከዚህ እንደማያድን አገኙ። ይሁን እንጂ ጠና ያሉት ተጫዋቾች ከእርከናቸው አልተባረሩም። ቀለል ያለ ስልት በመምረጥና አቋራጮቹን በደንብ በመጠቀም የጎደለውን የሚያካክሱ ይመስላሉ። ጣታቸው ቢዘገይም ጣት የማያስፈልግበትን ሥራ ለይተው ትተዋል።

ታዲያ ትኩረትን ማብቃቃት የሚቻለው በምንድን ነው? በእውቀት ነው፤ ያውም በጣም ልዩ በሆነ እውቀት። ሆላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አድሪያን ደ ግሮት በ1946 ባወጣው ሥራ የቼዝ ሊቃውንት ከደካሞቹ ያን ያህል ርቀው አስልተው እንደማያስቡ፣ ግን ጥሩዋን እርምጃ ገና ሲያዩ እንደሚያውቋት ጽፎ ነበር። ዊልያም ቼስ እና ኸርበርት ሳይመን ደግሞ በ1973 ሰሌዳውን ለአምስት ሰከንድ አሳይተው ደበቁት። ጠጠሮቹ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰዱ ሲሆኑ አዋቂው ከጀማሪው እጅግ በልጦ አስታወሰ፤ እንዲሁ በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ብልጫው የለም በሚባል ደረጃ ወረደ። አዋቂው የተሻለ ጭንቅላት ይዞ አልመጣም፤ አንድ አማርኛ አንባቢ ፊደላትን ሳይሆን ቃላትን እንደሚያይ ሁሉ እሱም የሚያየው የተሰባጠረ ጠጠር ሳይሆን የታወቀ አሰላለፍ ነው። በኢንተርኔቱ ጌምም እንዲሁ ነው። ቃኚው የባላጋራውን ሰፈር ሁለት ሰከንድ አይቶ ያልፋል። ጀማሪው ያየው ሦስት ሕንፃ ነው። ጎበዙ ግን ያየው የሌለውን ነገር ነው፦ በዚህ ሰዓት ሁለተኛው ሰፈር መከፈት ነበረበት፣ አልተከፈተም፣ ስለዚህ ሀብቱ ወደ ጦር ሄዷል፣ ጦሩም ሊመጣ ነው። ከዚያ በኋላ ለአንድ ደቂቃ ወደዚያ ማየት አያስፈልገውም። የቀረችው ትኩረት ለመከላከያው ተረፈች።

ይህ እውቀት ከብዙ ሰዓት ጨዋታ የሚመጣ ነው ብሎ ነገሩን በሰዓት ቁጥር መደምደም ቀላል ይመስላል። የደቡብ ኮሪያ ታሪክም ለዚህ ይመቻል። ስታርክራፍት በ1998 ሲወጣ አገሪቱ ከ1997ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ፈጣን ኢንተርኔት እየዘረጋች፣ ፒሲ ባንግ የሚባሉ የጌም ቤቶችም በየመንደሩ እየተከፈቱ ነበር። ቡድኖች ተጫዋቾቻቸውን ባንድ ቤት አኑረው ቀኑን ሙሉ ያሠለጥኗቸው ነበር፤ ኮሪያውያንም ለረጅም ዓመታት ማንንም አላስቀረቡም። ሰዓቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በእያንዳንዱ አገር ለዓመታት በየቀኑ የሚጫወተውና ከጀመረበት እርከን ፈቀቅ ያላለው ብዙ ሰው የት ይገባል? ሴራል በሚል ስም የሚታወቀው ፊንላንዳዊ ዮና ሶታላም በ2018 በስታርክራፍት ሁለት የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ላይ ስታትስ የተባለውን ኮሪያዊ 4 ለ 2 አሸንፎ ያንን ዋንጫ የወሰደ የመጀመሪያው ኮሪያዊ ያልሆነ ሰው ሲሆን፣ ያደገው በአገሩ እንጂ በሴኡል የቡድን ቤት አልነበረም። የኮሪያን ቤቶች ያዋጣቸውም ሰዓቱ ብቻ አይመስለኝም፤ ከአጠገብ አሠልጣኝና ከአንተ የሚበልጥ ጓደኛ ተቀምጦ ስሕተትህን በዚያው ቀን ይነግርህ ነበር። ይህ ለብቻው በማታ ሲጫወት ለሚያድር ሰው አይገኝም።

ያን አሠልጣኝ በከፊል የሚተካ ነገር ግን በብዙዎቹ የስትራቴጂ ጌሞች ውስጥ ተቀምጧል፤ ተጫዋቾች ሪፕሌይ ይሉታል። የተጠናቀቀው ጨዋታ ተቀርጾ ይቀመጣል፣ ጭጋጉን ገፎ በባላጋራው ዓይን ማየት ይቻላል። ብዙው ሰው አይከፍተውም። ከተሸነፈ ተናዶ ወዲያው ሌላ ጨዋታ ይጀምራል፣ ካሸነፈ ለምን ይከፍታል? ደግሞም ጌሙ ሰውን ከእኩያው ጋር ስለሚያጋጥም፣ ከፍ ባለ ቁጥር ተጋጣሚውም ከፍ ይላል፤ ጎበዝም ሰነፍም ከጨዋታዎቹ ግማሽ ያህሉን ያሸንፋል። ስለዚህ ማሸነፍ መሻሻሉን አይነግረውም። ዕድል ነው፣ የባላጋራዬ ሕዝብ ያለ ልክ ጠንካራ ነው፣ ኢንተርኔቱ ዘገየ የሚሉት ሰበቦች እዚህ ይገባሉ። የመጨረሻው ከአገራችን ለሚጫወት ሰው ባዶ ሰበብ አይደለም፤ አውሮፓ ባለ ሰርቨር ላይ የሚጫወት ሰው ትእዛዙ ባሕር ተሻግሮ ደርሶ እስኪመለስ ይዘገይበታል፣ በፍልሚያ ላይም ይጎዳዋል። ነገር ግን የሁለት ደቂቃ ሥራ ፈት ከተማ በመስመር መዘግየት አይሳበብም፤ ሪፕሌዩ ላይ ሰዓቱ ተጽፎ ይታያል።

ይህ ሁሉ ልፋት ከጌሙ ውጭ ምን ይጠቅማል የሚለው የወላጆች ጥያቄ ነው፣ ጌሙ የጦር መሪ ወይም ነጋዴ ያፈራል የሚሉ አድናቂዎችም አሉ። እኔ ከአድናቂዎቹ ጋር አልቆምም። ጠጠሩ በዘፈቀደ ሲበተን የቼዝ ሊቁ ብልጫ እንደጠፋ ሁሉ፣ የዚህ ጌም ዓይንም የሚሠራው እዚያው ካርታ ላይ ነው። በጌም የሠለጠነ ሰው በመጀመሪያ የሚሆነው የጌም ጎበዝ ነው። ከዚህ የሚተርፍ ልማድ ካለ የተሸነፈበትን ነገር ከፍቶ የማየት ልማድ ነው፤ እሱም ከጌሙ ጋር አብሮ አይመጣም፣ ተጫዋቹ ራሱ ካላደረገው። እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ በቤትዎ ያለው ልጅ ከተሸነፈ በኋላ አዲስ ጨዋታ መክፈቱን ትቶ አሮጌውን እያቆመ፣ ወደ ኋላ እየመለሰ ሲመለከት ካገኙት፣ ያን ሃያ ደቂቃ አያቋርጡት። ራት ይጠብቅ።