ከሹመት በፊት ያለው ሙስና

ስለ ሙስና የሚደረገው ክርክር ለረጅም ዘመን ያተኮረው ሠራተኛው ወንበሩን ከያዘ በኋላ በሚሆነው ላይ ነው፤ ደመወዙ ይበቃዋል ወይ፣ ቁጥጥሩ ይጠብቃል ወይ እየተባለ ይጠየቃል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ብሂልም ቢሆን መብላትን ከሹመት በኋላ የሚመጣ አድርጎ ያየዋል። ሬማ ሃና እና ሺንግ-ዪ ዋንግ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2017 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ግን ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሰው፤ የመንግሥትን ሥራ የሚመኘው ወጣት ገና ሳይቀጠር ምን ዓይነት ጠባይ አለው?

በሕንድ ባንጋሎር ከተማ 669 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከ1 እስከ 6 ነጥብ ያለበትን ዳይስ ማንም ሳያያቸው 42 ጊዜ እየጣሉ ውጤቱን ራሳቸው እንዲመዘግቡና በነጥባቸው ልክ እንዲከፈላቸው ተደረገ። በሐቅ ከተጣለ ድምሩ በአማካይ 147 ስለሚሆን፣ የአንዱን ተማሪ ውሸት በእርግጠኝነት መለየት ባይቻልም፣ የብዙዎቹ ድምር ከዚህ መራቁ ማጭበርበሩን ያጋልጣል፤ ከሲሶ የሚበልጡት ከመቶ ሐቀኞች አንዱ ብቻ ሊደርስበት የሚችል ድምር ጻፉ። የመንግሥት ሥራን የመምረጥ ዝንባሌም በአጭበርባሪዎቹ ዘንድ በርትቶ ተገኘ፤ ልዩነቱ መጠነኛ ነው፣ በመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ላይ ፍርድ ለመስጠትም አይበቃም።

ጨዋታው ከእውነተኛ ሥራ ጋር መያያዙ የታየው ግን በ165 የመንግሥት ነርሶች ላይ ነው፤ በዳይሱ ያጭበረበሩት ነርሶች ያለ አግባብ ከሥራ ገበታቸው የመቅረት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነበር። ሕመምተኛ ተሸክሞ ጤና ጣቢያ ለሚደርስ ቤተሰብ ይህ የነጥብ ጉዳይ አይደለም።

በዴንማርክ በተመሳሳይ ዘዴ የተደረገ ሌላ ጥናት ተቃራኒውን አገኘ፤ እዚያ ወደ መንግሥት ሥራ የሚያዘነብሉት ሐቀኞቹ ናቸው፣ ገንዘብን የሚያስቀድሙት አጭበርባሪዎች የተሻለ ወደሚከፍለው የግል ዘርፍ ይሄዳሉና። ስለዚህም ደመወዝ መጨመር፣ በየአገሩ እንደ ፍቱን መድኃኒት የሚታዘዘው እርምጃ፣ በዴንማርክ የመንግሥትን ቢሮ ለአጭበርባሪዎች ይበልጥ ማራኪ እንደሚያደርገው አጥኚዎቹ ደምድመዋል። ሰው ሥራውን የሚመርጠው ሥራው የሚያስገኘውን አይቶ ነውና፣ ጉቦ የሚበላበት ቢሮ እና የማይበላበት ቢሮ የሚጠሩት ሰው አንድ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ ይበልጥ ሊያሳስብ የሚገባው የቅጥር ጉዳይ ነው። በባንጋሎሩ ጥናት፣ ከአመልካቾቹ መካከል በችሎታ የላቁትን ብቻ መምረጥ የተመራጮቹን የማጭበርበር ዝንባሌ አይቀንሰውም፤ ተማሪዎቹ ስለ ሙስና ያላቸውን አመለካከት በቀጥታ ሲጠየቁ የሰጡት መልስም ማን የመንግሥትን ሥራ እንደሚመርጥ አላመለከተም።