ሦስት ጣት፦ የመንጋጋ ቀዶ ሕክምናና የማገገሚያው ዘመን

ላስታ የድንጋይ አገር ነው። ቅዱስ ላሊበላ በሮሃ ከአንድ ወጥ ዐለት አብያተ ክርስቲያናትን ባስፈለፈለ ጊዜ፣ ጠራቢው በመሮ የለየው ክፋይ ወደ ዐለቱ ተመልሶ የማይገጥም ስለ ሆነ፣ እያንዳንዱን ምት አስቀድሞ በልቡ መመዘን ግድ ነበረበት። የሰው አጥንት ግን፣ በጥንካሬው ድንጋይ ቢመስልም፣ ደም የሚዞርበት ሕያው አካል ነውና፣ በጥበብ ተቈርጦ ወደ ተገባው ስፍራ ቢዛወርና ሳይነቃነቅ ቢታሰር፣ ከቈይታ በኋላ ራሱ ከራሱ ጋር ይጋጠማል። መንጋጋን ለማስተካከል የሚደረገው ቀዶ ሕክምና መሠረቱ ይህ አንድ የፍጥረት ጸጋ ሲሆን፣ ሐኪሙ በጥቂት ሰዓት የጀመረውን ሥራ የሚፈጽሙት ሕሙሙና ቤተ ሰቡ በብዙ ወራት ትዕግሥት ስለ ሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ስለ ቀዶው በአጭሩ፣ ከቀዶው በኋላ ስላለው ዘመን ግን በስፋት ይናገራል።

መንጋጋ ሁለት ነው። የላይኛው ከራስ ቅል ጋር ተዋሕዶ የአፍንጫን ወለል፣ ላንቃንና የላይኛዎቹን ጥርሶች የሚሸከም ሲሆን፣ የታችኛው ደግሞ በሁለቱ ጆሮዎች ፊት ባሉት መጋጠሚያዎች ተንጠልጥሎ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ሰው እንጀራውን የሚያኝከው፣ ሕፃን ጡት የሚጠባው፣ ካህን ዜማውን የሚያሰማው በዚህ ተንቀሳቃሽ አጥንት ነው። ከሁለቱ አንዱ ከመጠን በላይ ቢያድግ ወይም ወደ ኋላ ቢቀር፣ በአደጋ የተሰበረው ተጣሞ ቢጠገን፣ ወይም መጋጠሚያው ራሱ ከራስ ቅል ጋር ተጣብቆ ቢቀር፣ ጥርስ ከጥርስ አይገናኝም፣ ንግግር ይበላሻል፣ እንቅልፍም በትንፋሽ ማጠር ይታወካል። ስለዚህ ይህን ሕክምና ለመልክ ብቻ የተፈጠረ ቅንጦት አድርጎ መቍጠር ከባድ ስሕተት ነው።

የጥበቡ ታሪክ ረዥም ነው። አሜሪካዊው ሲሞን ሀሊሄን በ1849 እ.ኤ.አ. የእሳት ቃጠሎ ጠባሳ መንጋጋዋን ያጣመመባትን ወጣት ሴት አጥንት ቈርጦ በማስተካከል መንገዱን ከፈተ፤ ፈረንሳዊው ረኔ ለ ፎር በ1901 እ.ኤ.አ. የላይኛው መንጋጋ በየትኞቹ መሥመሮች እንደሚሰበር መርምሮ ገለጠ፤ በኦስትሪያ ተወልዶ በዙሪክ ያስተማረው ሁጎ ኦብወገሰርም በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የታችኛውን መንጋጋ በግራና በቀኝ ለሁለት ሰንጥቆ እንደ መሳቢያ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የማንሸራተትን ዘዴ አስፋፋ። ዛሬ ቈረጣው በአብዛኛው በአፍ ውስጥ ስለሚደረግ በፊት ላይ የሚታይ ጠባሳ እምብዛም አይተውም፤ የተዛወረው አጥንትም በስስ የቲታንየም ብረትና በጥቃቅን ብሎኖች ይታሰራል።

በአገራችን ግን አንዳንድ ሰዎችን ወደ መንጋጋ ቀዶ ሕክምና የሚያደርሰው ምክንያት ከአጥንት እድገት መዛባት የመረረ ነው። ኖማ የሚባለው ደዌ፣ በረኀብ የደከመውንና በኩፍኝ ወይም በሌላ ሕመም የተጐዳውን ሕፃን መርጦ፣ ከድድ ቍስል ተነሥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጉንጭን፣ ከንፈርንና አጥንትን የሚበላ ነው፤ ከሞት የተረፈውም ልጅ ቍስሉ ሲሽር ጠባሳው መንጋጋውን ይቈልፈውና ምግቡን በጥርሶቹ ክፍተት እየመጠጠ ያድጋል። የዓለም የጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉት የሐሩር ክልል በሽታዎች ተርታ የጻፈው ገና በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ነው። ፌሲንግ አፍሪካ የተባለው የእንግሊዝ በጎ አድራጎት ድርጅት ከባሕር ማዶ የቀዶ ሐኪሞችን ጓድ ወደ አዲስ አበባ እያመጣ፣ ፕሮጀክት ሐረርም ሕሙማንን ከሩቅ ገጠር እየፈለገ፣ ፊታቸው የተጐዳ ብዙ ወገኖቻችንን አሳክመዋል።

በአዲስ አበባ የፊትና የከንፈር ቀዶ ሕክምና ከሚሰጥባቸው ቤቶች አንዱ የየካቲት 12 ሆስፒታል ሲሆን፣ የጥንት ስሙ ቤተ ሳይዳ ነበር። በወንጌል እንደ ተጻፈ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የተኛው መጻጉዕ፣ የሚያወርደው ሰው አጥቶ ነበርና፣ ቤተ ክርስቲያናችንም የዐቢይ ጾምን አንዱን እሑድ በስሙ ታስበዋለች። ከላስታ ተራሮች ወርዶ፣ በጋሸና አልፎ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጕዞ ለሚመጣ ሕሙም የመጻጉዕ ነገር የሩቅ ታሪክ አይደለም፤ ታክሞ ሲመለስም አጠገቡ ሰው ያስፈልገዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁሉ ይከብዳሉ። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ከፍ ይልና፣ ዐይን እስኪጨፈን ድረስ ፊትን ለውጦ፣ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ አብዛኛው በሁለትና በሦስት ሳምንት ቢጐድልም ርዝራዡ ለወራት ይቈያል። በእነዚህ ቀናት ሕሙሙ ራሱን በትራስ ከፍ አድርጎ ይተኛ፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ንጹሕ ጨርቅ በጉንጩ ላይ ይደረግለት፤ ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮም ከምግብ በኋላ ሁሉ ለብ ባለ የጨው ውሃ አፉን ይጕመጥመጥ፣ ለስላሳ በሆነ የሕፃን ብሩሽም ጥርሱን ያጽዳ። የላይኛው መንጋጋ የተቀደደለት ሰው፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ፣ አፍንጫውን በኃይል መናፈጥ አይገባውም።

ምግብን በተመለከተ የአገራችን ማጀት ለዚህ ሕሙም አስቀድሞ የተሰናዳ ይመስላል። አጥሚት፣ የበሶ ብጥብጥ፣ የአብሽ ውሃ፣ ወተት፣ እርጎ፣ የሥጋ መረቅ፣ ቀጭን ሽሮ፣ እነዚህ ሁሉ ሳይታኘኩ የሚወርዱ ናቸው። እናት የገብሱን አጥሚት አፍልታ፣ ጓጕሉ እንዳይቀርበት በንጹሕ ስስ ጨርቅ አጥልላ፣ በስሪንጅ ትቀዳውና ጫፉ ላይ የተሰካውን ለስላሳ ቱቦ በጉንጭና በጥርስ መካከል ወደ ኋላ አስገብታ፣ ልጇ እስኪውጥ ድረስ እየጠበቀች ጥቂት በጥቂት ትገፋዋለች፤ አንድ ጣሳ አጥሚት ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ በቀንም ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ይህንኑ መደጋገም አለባት። ሕሙም በማገገሚያው ዘመን ኪሎ መቀነሱ የተለመደ ስለ ሆነ፣ አጥሚቱ ላይ ቅቤ ወይም ወተት መጨመር እንደ መድኃኒት ይቈጠር። የጾም ወራትም ቢሆን ሕሙም ወደ ንስሐ አባቱ ቀርቦ ይማከር፤ ሥርዓታችን ለታመመ ሰው ይራራልና፣ አጥንቱ በሚጋጠምበት ወቅት በረኀብ ራሱን ማድከም ከእርሱ አይጠበቅም።

አጥንት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያያዘው በስድስት ሳምንት ገደማ ነው፤ አበው ወንድ ልጅ ለወለደች እናት የሰጡት የአርባ ቀን ጊዜ ለተቈረጠ መንጋጋም መልካም ልክ ይሆናል። ቆሎ፣ ዳቦ ቈሎ፣ ደረቅ እንጀራና ጥሬ ሥጋ ከዚህ ቀን በፊት ወደ አፍ መግባት የለባቸውም፤ ከዚያም በኋላ ሐኪሙ ምስሉን አይቶ በፈቀደው መጠን ቀስ በቀስ ይጀመራሉ፤ ሙሉ ጽናቱ የሚገኘው ግን ከወራት በኋላ ነው።

የተቈለፈ መንጋጋ ለተከፈተለት ሰው ግን ሕጉ ይለያል። የእርሱ ጠላት ዕረፍት ነው፤ አፉን ካላሠራው ጠባሳው ተመልሶ ይቈልፈዋልና። ሐኪሞች ለዚህ የሚሰጡት መሣሪያ እጅግ ቀላል ነው፦ ምላስ ተጭኖ ጕሮሮ የሚታይባቸው ስስ እንጨቶች። እንጨቶቹ ተደራርበው በላይኛውና በታችኛው ጥርስ መካከል ይገባሉ፤ ዛሬ ስምንት የገባ እንደ ሆነ፣ ጥቂት ከተቈየ በኋላ ዘጠነኛው በእንጨቶቹ መካከል ይሰነቀራል፤ ልጁ ዕንባው እየወረደ ይታገሣል፤ እናቱም ቍጥሩን ትይዛለች። ይህ በቀን ብዙ ጊዜ፣ ለስድስት ወርና ከዚያም በላይ ይደጋገማል። የልኩ መጨረሻ የልጁ የራሱ እጅ ነው፤ ሦስት ጣቶቹን ደራርቦና አቁሞ በፊት ጥርሶቹ መካከል ማስገባት የቻለ ቀን መንጋጋው በደንብ ተከፍቷል ይባላል።

እንግዲህ ስለ መዘዞቹ እንናገር። ከሁሉ የሚዘወተረው የታችኛው ከንፈርና የአገጭ መደንዘዝ ሲሆን፣ ምክንያቱም ስሜትን የሚያመላልሰው ነርቭ በታችኛው መንጋጋ አጥንት ውስጥ በተቦረቦረ ሰርጥ ስለሚያልፍና በቀዶው ጊዜ ስለሚወጠር ነው። በብዙዎች ላይ በሳምንታትና በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ በጥቂቶች ላይ ግን ጨርሶ ላይመለስ ይችላል። መደንዘዙ ባለበት ጊዜ ሁሉ የፈላ ቡና አደገኛ ነው፤ ከንፈሩ ሳያውቀው ይቃጠላልና ስኒውን አስቀድሞ በእጅ ጀርባ መፈተን ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ማመርቀዝ ነው። ሕመም ከሳምንት በኋላ በመቀነስ ፈንታ ሲብስ፣ የወረደው እብጠት ተመልሶ ሲነሣ፣ መግል ወይም ክፉ ሽታ ሲኖር፣ ትኩሳትም ሲከተል፣ ይህ በጨው ውሃ ብቻ የሚታለፍ ስላልሆነ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባል። ሦስተኛው የአጥንቱ አለመያያዝ ወይም ከቦታው መንሸራተት ሲሆን፣ ምልክቱ ትናንት ይገጥም የነበረው ጥርስ ዛሬ አለመግጠሙ ወይም መንጋጋው በቈረጣው ስፍራ መንቀሳቀሱ ነው። ብረቱ ወይም ብሎኑ ሲላላም አጥንቱ ከጸና በኋላ በትንሽ ቀዶ ይወጣል። በጨርቅ ተይዞ የማይቆም ደምና የትንፋሽ ማጠር ከታዩ ግን ሌሊትም ቢሆን አይታደርም። ጥርሱ በሽቦ ወይም በላስቲክ የታሰረ ሰው ቢያስመልሰው እንዳይታፈን፣ መቍረጫው መቀስ ከራስጌው አይለይ፤ አስታማሚውም የትኛው ሽቦ እንደሚቈረጥ ከሆስፒታል ሳይወጣ በዐይኑ አይቶ ይማር።

እዚህ ላይ ስለ ወጌሻ አንድ ቃል መናገር ያሻል። ወጌሻ በተራራማው አገራችን ለወለቀና ለተሰበረ አካል ከጥንት ጀምሮ ደራሽ የሆነ ባለ ሙያ ነውና ሊከበር ይገባዋል። ነገር ግን በብረትና በብሎን የታሰረ መንጋጋ በእጅ ቢታሽ፣ ከቈዳው በታች ያለውን ያለ ምስል ሊያይ የሚችል ማንም የለምና፣ የተያያዘው ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ አዋቂ ወጌሻ ይህን ሲሰማ እጁን ሰብስቦ ሕሙሙን ወደ ሆስፒታል ቢሸኝ፣ ሙያውን አስከበረ እንጂ አላዋረደም።

የማይታይም ቍስል አለ። ሕሙሙ መስተዋት ሲያይ የሚያውቀውን ፊት አያገኝም፤ ያበጠው ገና አልወረደም፣ ንግግሩ ይኰላተፋል፣ ለሃጩ ያስቸግረዋል፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንትም፣ ጠያቂው ሲቀንስና ድካሙ ሲበረታ፣ ብዙዎች በቀዶው እስከ መጸጸት ድረስ ያዝናሉ። ይህ ኀዘን የሚያልፍ መሆኑን አስቀድሞ የነገሩት ሰው በብርታት ይሻገረዋል። ጠያቂዎችም ስለ መልኩ መገረማቸውን ትተው፣ አጠገቡ ተቀምጠው ቢያጫውቱት፣ መልስ ለመስጠትም ባያስገድዱት፣ ትልቅ ሕክምና ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ላስታ ለሚመለስ ሰው ርቀቱ ራሱ አንድ መዘዝ ነው። ስለዚህ የተደረገለት ምን እንደ ሆነ፣ መንጋጋው ታስሮ ይቈይ ወይስ ይንቀሳቀስ እንደ ሆነ፣ የቀጠሮው ቀን መቼ እንደ ሆነ በግልጽ የተጻፈ ወረቀት ሳይዝ፣ የሚጠይቀውንም ሐኪም ስልክ ሳይቀበል አይውጣ። ክፉ ምልክት ያየ ቀንም የአዲስ አበባውን ቀጠሮ ሳይጠብቅ በቅርቡ ወዳለው፣ ወደ ላሊበላ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል፣ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፤ ማመርቀዝ በጊዜው ከተያዘ በአብዛኛው በመድኃኒት ይመለሳልና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ስታነብ በቤትህ ልጅ ካለ፣ ዛሬ ማታ ከራት በፊት አፉን እንዲከፍትና የራሱን ሦስት ጣቶች ደራርቦ እንዲያስገባ ጠይቀው። ከገቡለት እግዚአብሔርን አመስግን። ሁለት ብቻ ወይም አንድ ብቻ የሚገባ ከሆነ፣ አገጩም እንደ እኩዮቹ ማደጉን ካቆመ፣ ጥርስ እስኪቀይር ወይም እስኪጐለምስ ሳትጠብቅ ወደ ሐኪም ውሰደው፤ የተቈለፈ መንጋጋ ሳይውል ሳያድር ሲታከም ይቀላልና።