ለአእምሮ ዕረፍት የሚሸጡ የስልክ መተግበሪያዎችና አመራረጣቸው

ዕቃው ጅቡቲ ወደብ ደርሶ ሰነዱ ባንክ ያልገባለት አስመጪ፣ ወይም በዱቤ የሰጠው ገንዘብ በቀጠሮው ቀን ያልተመለሰለት ባለሱቅ፣ ሌሊት እንቅልፍ ቢያጣ የሚያስደንቅ አይደለም። በተለይም በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የዶላር ዕዳ ያለበት ነጋዴ ከመኝታው እየተነሣ የዕለቱን ተመን በስልኩ መመልከት ልማድ ሆኖበታል። እንዲህ ላለው ሰው ከልጆቹ አንዱ «ይህን ይጫኑና ማታ ማታ ያዳምጡ» ብሎ በዚያው ስልክ ላይ የሜዲቴሽን መተግበሪያ ያሳየዋል። ምክሩ ክፉ አይደለም። ነገር ግን መተግበሪያውም የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ ሻጭ አለው፣ ዋጋ አለው፣ ውልም አለው። ነጋዴ ሌላውን ዕቃ ሲገዛ የሚጠይቀውን ሁሉ እዚህም ላይ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ሜዲቴሽን ማለት ለጥቂት ደቂቃዎች ጸጥ ብሎ ተቀምጦ ኀሳብን በአንድ ነገር ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በራስ አተነፋፈስ ላይ ማሳረፍ ነው። ኀሳብ ሲባዝን ሳይቈጡ መልሶ ማምጣት፤ ልምምዱ ይኸው ነው። መሠረቱ የቡድሃ እምነት ተከታዮች ልማድ ሲሆን፣ ጆን ካባት-ዚን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ከሃይማኖቱ ለይተው የስምንት ሳምንት ትምህርት በማድረግ ለሕሙማን አቀረቡት። ሄድስፔስ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 በለንደን፣ ካልም የተባለው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 በሳን ፍራንሲስኮ ተቋቁመው ይህን መሰሉን ትምህርት በስልክ መሸጥ ጀመሩ። በጧት መቍጠሪያውን ወይም ተስቢሑን ይዞ የሚቀመጥ ሰው ጸጥታን ከስልክ መማሩ ሊያስገርመው ይችላል፤ ቢሆንም መተግበሪያው የጸሎት ምትክ ተደርጎ የቀረበ አይደለም።

ጥቅሙ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት ቀደም ሲል የተደረጉ 47 ሙከራዎችን፣ በጠቅላላው የ3,515 ሰዎችን ውጤት መርምሮ፣ የተመስጦ ትምህርት ጭንቀትንና ድባቴን በመጠኑ እንደሚያቃልል አመልክቷል። ቃሉ «በመጠኑ» ነው። በስልክ ብቻ በሚሰጠው ትምህርት ላይ የተደረጉት ጥናቶችም ያሳዩት ጥቅም አነስተኛ ነው። ስለዚህ «በአሥር ቀን ጭንቀትዎን ከሥሩ እናጠፋለን» የሚል ማስታወቂያ ያየ ሰው፣ ናሙናው ከጭነቱ የበለጠ ያማረ ቡና እንደቀረበለት ገዢ ይጠንቀቅ። ሰውነቱ እየከሳ የምግብ ፍላጎቱ ለጠፋ፣ ለብዙ ሳምንት እንቅልፍ ላጣ፣ ይልቁንም መኖርን እስከ መጥላት ለደረሰ ሰው ግን መተግበሪያ መምረጥ ጊዜ ማባከን ነው። የእርሱ ጉዳይ የሐኪም ነው፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ሆስፒታል የቆመው ለዚሁ ሥራ ነው። ከዚህ በፊት ከባድ የአእምሮ ሕመም ያገኘው ሰውም ዐይኑን ጨፍኖ ከራሱ ኀሳብ ጋር መቀመጡ ጭንቀቱን ሊያብስበት ስለሚችል አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለገዢው መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና 93 የአእምሮ ጤና መተግበሪያዎችን የመረመረ ጥናት እንዳመለከተው፣ መተግበሪያውን ከጫኑት ሰዎች ውስጥ በ15ኛው ቀን የሚከፍቱት በመካከለኛው ስሌት 3.9 በመቶ፣ በ30ኛው ቀን ደግሞ 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ይህም ማለት ከመቶ ገዢ ዘጠና ስድስቱ ዕቃውን በሁለት ሳምንት ውስጥ መደርደሪያ ላይ ረስቶታል ማለት ነው። በሱቁ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ያለው ነጋዴ ለአንድ ዓመት የሚሆን አያከማችም። እንግዲህ አንደኛው የምርጫ ደንብ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳያዳምጡ ምንም አለመክፈል ነው።

ለዚህ ሙከራ የሚሆኑ በነፃ የሚገኙ አሉ። ሜዲቶ የተባለው ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት የተዘጋጀ ሲሆን ማስታወቂያም ክፍያም የለበትም። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም ዩሲኤልኤ ማይንድፉል የተባለ የራሱን መተግበሪያ በነፃ ይሰጣል። ኢንሳይት ታይመር ደግሞ ብዙ ሺሕ ቅጂዎችን ያለ ክፍያ ያስደምጣል፤ ብዛቱ ግን ራሱ ድካም ነው፤ ተጨንቆ የመጣ ሰው በምርጫ ብዛት ተጨንቆ ሊመለስ ይችላል።

በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ የሚመረመረው የትምህርቱ ብዛት ሳይሆን ድምፁና ቋንቋው ነው። ቀኑን ሙሉ ከውጭ አቅራቢዎች ጋር በእንግሊዝኛ ሲጻጻፍ የዋለ ጸሓፊ ማታ ያንኑ ቋንቋ መስማት ላይከብደው ይችላል። እያንዳንዱን ቃል በልቡ ወደ አማርኛ እየመለሰ የሚያዳምጥ ሰው ግን አስተርጓሚ ሆኖ ያመሻል እንጂ አያርፍም፤ እርሱ ንግግሩን ትቶ የደወል ድምፅና የጊዜ መቈጣጠሪያ ብቻ ያለውን ክፍል ቢጠቀም ይሻለዋል። ርዝመቱም ቢሆን ሱቅ ከመከፈቱ በፊት አሥር ደቂቃ የሚያገኝ ሰው የአርባ ደቂቃውን መምረጡ ከንቱ ነው። ኔትዎርክ በሚቈራረጥበት ሰፈር ደግሞ ቅጂው አስቀድሞ በስልኩ ላይ ተጭኖ የሚቀመጥ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል፤ በተለመደው የድምፅ ጥራት የአሥር ደቂቃ ቅጂ አሥር ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ከባድ አይደለም።

ነፃ የተባለው ሁሉ ነፃ ላይሆን ይችላል። ሞዚላ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 የአእምሮ ጤናና የጸሎት መተግበሪያዎችን መርምሮ ከ32ቱ ለ28ቱ ስለ ምሥጢር አጠባበቃቸው የማስጠንቀቂያ ምልክት ሰጥቷል። በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን በስልክና በኢንተርኔት የምክር አገልግሎት የሚሰጠውን ቤተርሄልፕን የደንበኞቹን የጤና ምሥጢር ለማስታወቂያ ሥራ ለፌስቡክና ለሌሎች አሳልፎ ሰጥቷል ሲል ከሶት፣ ድርጅቱ 7.8 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። ነጋዴ በዚህ ረገድ ከሌላው ሰው የበለጠ የሚጠብቀው አለው። በስልኩ ውስጥ የደንበኞቹ ስም፣ የአቅራቢዎቹ አድራሻ፣ ምናልባትም የደረሰኝ ፎቶግራፍ ይገኛል። አተነፋፈስ የሚያስተምር መተግበሪያ የስልክ ቍጥሮችን መዝገብ፣ ያሉበትን ቦታና ፎቶግራፎችን ለማየት ፈቃድ ቢጠይቅ ምክንያቱ ለትምህርቱ ሊሆን አይችልም፤ ፈቃዱን መከልከል፣ ያለ ፈቃዱ አልሠራም ካለም መተው ነው። «ዛሬ ምን ተሰማዎ? እንቅልፍ አጥተዋልን?» እያለ በየዕለቱ መልስ የሚመዘግበውም መልሱ የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚሰጥ በምሥጢር አጠባበቅ ውሉ ላይ መነበብ አለበት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አሁንም የሚያዳምጥና መክፈል የወደደ ሰው ሒሳቡን ይሥራ። ለምሳሌ ሄድስፔስ በአሜሪካ በወር 12.99፣ በዓመት ደግሞ 69.99 ዶላር ሲያስከፍል ቈይቷል። በወር በወር የከፈለ በዓመቱ 155.88 ዶላር ስለሚያወጣ የዓመቱ ውል ከግማሽ በታች ይመስላል፤ በሁለተኛው ወር የሚተወው ሰው ግን በ25.98 ፈንታ 69.99 ከፍሏል። ይህም የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ነው።

«የሙከራ ጊዜው በነፃ ነው» የሚሉትም ቢሆኑ ሙከራው ከመጀመሩ በፊት የካርዱን ቍጥር ይቀበላሉ፤ ጊዜው ሲያልቅ ማንንም ሳይጠይቁ ገንዘቡን ያነሣሉ፤ በዓመቱም ውሉ በራሱ ይታደሳል። በአይፎን ስልክ የሙከራ ውል ለማቋረጥ ጊዜው ከማለቁ ቢያንስ 24 ሰዓት ቀደም ብሎ መሰረዝ ያስፈልጋል። መተግበሪያውን ከስልኩ ላይ ማጥፋት ውሉን አያቋርጥም፤ በአፕል ወይም በጉግል የሒሳብ ገጽ ላይ የደንበኝነት ውሎች የሚዘረዘሩበትን ክፍል ከፍቶ ስሙን ፈልጎ መሰረዝ ግድ ነው። በተመዘገቡበት ቀን የሚታደስበትን ቀን ከሌሎቹ የመክፈያ ቀጠሮዎች ጋር በማስታወሻው ላይ ያሰፈረ ጸሓፊ ለአሠሪው ይህን ገንዘብ ያድንለታል።