የእሳት እራቷን በክንፏ መለየት

 

የዛሬው ንባባችን ከመጽሐፍ ገጽ ላይ አይደለም፤ ከክንፍ ላይ ነው። ማታ መብራት ሲበራ የሚሽከረከሩትን የእሳት እራቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ከእነሱ መካከል የተምች እናት ልትኖር ትችላለች። ስሟ የእሳት እራት ይባል እንጂ፣ ልጆቿ የሚበሉት የእኛን እራት ነው። እሷ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ትል ይሆናል። በቆሎውን የሚበላው ትሉ ነው።

ለዛሬ ሁለት ዓይነት ተምች እናንሳ። አንዱን አባቶቻችን ያውቁታል። በመንጋ መጥቶ ጤፉንም ሣሩንም ጠራርጎ ይሄዳል። ሁለተኛው እንግዳ ነው፤ አገሩ አሜሪካ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ2009 ዓ.ም. ሲሆን መጀመሪያ የታየው በሸካ ዞን፣ በየኪ ወረዳ ነበር። ስለዚህ መጤ ተምች ተባለ። ይኸኛው በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተሸሽጎ ይበላል። ትሉ አድጎ ወደ ውስጥ ከገባ በኋላ መድኃኒት ቢረጭም በቀላሉ አያገኘውም። ቶሎ መለየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ታዲያ የመጤውን የእሳት እራት በምን እንለየው?

ወንዱ አያስቸግርም። የፊት ክንፉ ግራጫና ቡናማ የተቀላቀለበት ዝንጉርጉር ነው። ጫፉ ላይ ነጭ ምልክት አለው። ወደ መሃል ደግሞ እንቁላል የምትመስል፣ ጋደል ያለች ፈዛዛ ምልክት አለች።

ሴቷ ናት የምታስቸግረው። እነዚህ ምልክቶች በእሷ ላይ ጎልተው አይታዩም። አንዷ ግራጫ ናት፤ ሌላዋ ቡናማ ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ትንሽ ዥጉርጉር ትላለች። ሁሉም ግን አንድ ዘር ናቸው። እንቁላል የምትጥለው እኮ እሷ ናት! በዕድሜዋ ከ1,000 በላይ ትጥላለች።

እንግዲህ የፊት ክንፉን ገለጥ አድርጋችሁ የኋላውን እዩ። የመጤው የኋላ ክንፍ፣ የወንዱም የሴቷም፣ ነጭ ነው። ዳሩን ቀጭን ጠቆር ያለ መስመር ይዞረዋል። የነባሩም ተምች የኋላ ክንፍ ነጣ ያለ ነው፤ ነገር ግን በክንፉ ላይ የተዘረጉት ሥሮች ጠቁረው ይታያሉ። ስትይዟት ታዲያ ቀስ በሉ! ጣታችሁ ላይ የሚቀረው ዱቄት የክንፏ ቀለም ነው። ዱቄቱ ከተራገፈ የሚነበብ ነገር አይኖርም። ስታረጅም እንዲሁ ይራገፋል።

ባለሙያዎች በማሳ ውስጥ ወጥመድ ሲሰቅሉ አይታችሁ ይሆናል። በውስጡ የሴቷን ሽታ የሚመስል ነገር ይደረጋል። ሽታውን ተከትሎ የሚገባው ወንዱ ነው። ስለዚህ በወጥመድ ውስጥ ምልክቱን ማየት ይቀላል። በቤታችን መብራት ዙሪያ ግን ወንዱም ሴቷም ይመጣሉ።

ክንፏን አይታችሁ ከተጠራጠራችሁ፣ በማግሥቱ ወደ ማሳ ሂዱና ትሉን ፈልጉ። እዚህ ላይ ፊደል መቁጠራችን ጠቀመን! የመጤ ተምች ትል ግንባሩ ላይ «ሰ» የምትመስል ነጣ ያለች ምልክት አለችው። ይህች ብቻዋን አትበቃም፤ የነባሩ ተምች ግንባርም ተቀራራቢ ምልክት አለበት። ስለዚህ ወደ ጅራቱ እለፉ። ከመጨረሻው አንጓ ቀጥሎ ባለው አንጓ ላይ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች አሉ፤ ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች። ዓረፍተ ነገር ስንጨርስ የምናስቀምጠውን አራት ነጥብ ይመስላሉ። «ሰ» ከፊት፣ አራት ነጥብ ከኋላ ካገኛችሁ፣ መጤው ነው።

ትሉ ገና ትንሽ ከሆነ በእጅ ለቅሞ መግደል ይቻላል። ቅጠሉንም ገልብጣችሁ እዩ። እንቁላሉ በአንድ ቦታ ተከማችቶ፣ ጥጥ በመሰለ ፀጉር ተሸፍኖ ይገኛል። እዚያው ጨፍልቁት። ለምስክርም አንድ ሁለት ትል በጠርሙስ ይዛችሁ ለግብርና ልማት ሠራተኛው አሳዩ።