የሳሎን ጨርቃ ጨርቅ በሐዋሳ

የሳሎን ጨርቃ ጨርቅ የሚባለው በእንግዳ መቀበያ ክፍል ውስጥ ለመስኮት፣ ለመቀመጫ፣ ለጠረጴዛና ለወለል የሚውል ጨርቅ ሁሉ ነው። መጋረጃ፣ የሶፋ ልብስ፣ ትራስ፣ ዳንቴል፣ ምንጣፍ፣ እንዲሁም ሶፋ ላይ ጣል የሚደረግ ጋቢ ከዚህ ይመደባሉ። የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች፤ በልብስ ፋብሪካዎቿም ትታወቃለች። ሆኖም በነዋሪዎቿ ሳሎን ውስጥ የሚታየው መጋረጃና ምንጣፍ በአብዛኛው ከውጭ የገባ ነው። ለዚህ ዋጋ ብቻውን ምክንያት አይደለም፤ የጨርቁ ወርድና የከተማዋ ፀሐይም ድርሻ አላቸው።

ከመደብ ወደ ሶፋ

ሶፋ ከመለመዱ በፊት በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢዎች የቤት መቀመጫ ከጭቃ የተሠራ መደብ ነበር። በላዩ እንደየአካባቢው ሰሌን፣ ጅባ፣ ቁርበት ወይም ከበግ ፀጉር የተሠራ ዝተት ይነጠፋል። በሐረሪዎች ባህላዊ ቤት መደቦቹ ነደባ ይባላሉ፤ ቁጥራቸው አምስት ሲሆን ማን የት እንደሚቀመጥ በዕድሜና በክብር ይለያል፤ ምንጣፍና ትራስም ይደረግባቸዋል። ስለዚህ እንግዳን ጨርቅ በለበሰ መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ ከሶፋ ጋር የመጣ ልማድ አይደለም።

በከተማዋ የሚመረተው ጨርቅ

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ። የገነባው የቻይናው ኩባንያ ሲሲኢሲሲ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ወደ ውጭ የሚፈስ ወንዝ ስለሌለው የገባበት ቆሻሻ በዚያው ይቀራል፤ ስለዚህ ፓርኩ የተጠቀመበትን ውኃ አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ተሠርቷል። ምርቱ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የውስጥ ልብስና የመሳሰለው ሲሆን የታሰበውም ለውጭ ገበያ ነበር። ኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ለመላክ ያስችላት ከነበረው አጎዋ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ስትወጣ ፓርኩ ክፉኛ ተጎዳ። ዋነኛ ባለሀብት የነበረው የአሜሪካው ፒቪኤች ቀደም ብሎ በኅዳር ወር በፓርኩ የነበረውን ፋብሪካ እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር።

ይሁንና ፓርኩ በሙሉ አቅሙ ቢሠራም ለሳሎን የሚሆን ነገር ብዙ አይወጣውም። የሸሚዝ ጨርቅ ስስ ነው፤ ለሶፋም ለመጋረጃም አይመችም። የቤት ውስጥ ጨርቅ የሚያመርቱ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎች ሌላ ቦታ ናቸው፤ ለምሳሌ ኮምቦልቻ በአንሶላና በፎጣ፣ ደብረ ብርሃን በብርድ ልብስ ይታወቃሉ።

መስኮትና ፀሐይ

ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከአዲስ አበባ ትሞቃለች። ሐይቁ ከከተማዋ በስተምዕራብ ነው። በመሆኑም ወደ ሐይቁ የተከፈተ መስኮት የከሰዓቱን ፀሐይ ፊት ለፊት ይቀበላል፤ ያማረው እይታና ጨርቅ የሚጨርሰው ፀሐይ በአንድ መስኮት ይገባሉ። የጥጥ ጨርቅ እንዲህ ያለ ብርሃን ለረጅም ጊዜ ሲመታው ይደበዝዛል፣ ነጩም ወደ ቢጫ ያደላል፣ ክሩም ይሳሳል። ፖሊስተር ከመስታወት ጀርባ ሲሰቀል ከጥጥ የበለጠ ይቆያል። ውኃ እምብዛም ስለማይመጥም በበዓል ዋዜማ ታጥቦ በዚያው ቀን ደርቆ ይሰቀላል። እንግዲህ ፖሊስተር መጋረጃን እንደ ርካሽ ምትክ ብቻ ማየት ትክክል አይደለም።

ብዙ ቤቶች ሁለት መጋረጃ ይሰቅላሉ፤ ለቀን ስሱን ነጭ፣ ለማታ ወፍራሙን። ስሱ መጋረጃ ግን አጎበር አይደለም። ወባ ባለበት በዚህ አካባቢ ትንኝ በጎንና በግርጌ ክፍተት ስለሚገባ የመስኮት ወንፊትም ሆነ የአልጋ አጎበር ቦታ አይተካም።

የወርድ ጉዳይ

በእጅ የተሸመነ ጨርቅ መጋረጃ የማይሆንበት ዋና ምክንያት በቀላል ስሌት ይታያል። የመስኮቱ ወርድ 2 ሜትር ቢሆን፣ መጋረጃው እጥፋት እንዲኖረው ሁለት እጥፍ፣ ማለትም 4 ሜትር ያስፈልጋል። ከውጭ የሚገባው የመጋረጃ ጨርቅ ወርድ ብዙውን ጊዜ 2.80 ሜትር ነው። ሲሰቀል ወደ ጎን ይዞራል፤ ወርዱ ቁመት ይሆናል። 4 ሜትር ተቆርጦ ጫፉ ከተሰፋ መጋረጃው አለቀ። የእጅ ሽመናው ወርድ 90 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ግን አምስት ቁራጭ ጎን ለጎን መገጣጠም አለበት። እያንዳንዱ 2.50 ሜትር ቢረዝም በድምሩ 12.50 ሜትር ይሆናል። በካሬ ሜትር ሲሰላ ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው 11.20፣ ሁለተኛው 11.25። ልዩነቱ በአራቱ መገጣጠሚያዎችና በሸማኔው ድካም ላይ ነው።

ወርዱ የጠበበው በሸማኔው ክንድ ልክ ስለሆነ ነው። ሸማኔ መወርወሪያውን በአንድ እጁ በድሩ መካከል ወርውሮ በሌላው ይቀበላል፤ ከክንዱ ስፋት በላይ መሸመን አይችልም። እንግሊዛዊው ጆን ኬይ እ.ኤ.አ. በ1733 በገመድ እየተሳበ የሚወረወር መወርወሪያ ሲሠራ ይህ ገደብ ተነሣ፤ አንድ ሰው ብቻውን ሰፊ ጨርቅ ለመሸመን ቻለ።

በደቡብ ኢትዮጵያ በሽመና ስማቸው የገነነው ከአርባ ምንጭ በላይ በጨንቻ ደጋ የሚኖሩት ዶርዜዎች ናቸው። በልማዱ ሴቶች ይፈትላሉ፣ ወንዶች ይሸምናሉ። ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነ ጨርቅም በብዛት ይሠራል። አራት ድርብ የሆነው ጋቢና ከእርሱ የሚወፍረው ቡልኮ ሶፋ ላይ ጣል ሲደረጉ ያምራሉ፤ ቢቆሽሹም ይታጠባሉ። የእጅ ሥራው በሳሎን ውስጥ እውነተኛ ቦታ ያለው ሰውነት በሚነካው ነገር ላይ ነው። 40 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የትራስ ልብስ፣ የስፌቱ ትርፍ ታስቦም፣ ከ90 ሴንቲ ሜትር ወርድ ጎን ለጎን ሁለት ይወጣል። ጥጥ ላብ ስለሚመጥም በሐዋሳ ሙቀት ከፖሊስተር ይልቅ ይመቻል። ነገር ግን በሽመና ጊዜ የተወጠረው ክር ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል፤ ጨርቁ ከመሰፋቱ በፊት አንድ ጊዜ መታጠብ አለበት። ባለ ቀለም ጥበብ ካለው እርጥብ ነጭ ጨርቅ አሽቶ ቀለሙ እንደማይለቅ ማየት ይጠቅማል።

ሶፋ፣ መጅሊስና ዳንቴል

ከሶፋ ሌላ በወለል ላይ በስፖንጅ ፍራሽና በትራስ የሚሠራው አረቢያን መጅሊስ በከተሞች ተለምዷል። ለልብሱ ከፋይ ይወደዳል፤ ሆኖም አቧራ ይይዛል፣ ይሞቃልም። በኪሮሽ የሚሠራው ዳንቴል በሶፋ መደገፊያ፣ በጠረጴዛና በቴሌቪዥን ላይ ይደረጋል። ማጌጫ ብቻ አይደለም፤ የሶፋው መደገፊያ ከፀጉር ቅባት የሚድነው በእርሱ ነው። (የቴሌቪዥኑን ሪሞት በፕላስቲክ የመጠቅለል ልማድም የዚሁ ጥንቃቄ ዘመድ ነው።)

ምንጣፍ፣ ቡናና ፍም

አሁን በገበያ የሚበዛው ምንጣፍ ከፖሊፕሮፒሊን ወይም ከፖሊስተር የተሠራ ነው። ቡና የሚፈላው ደግሞ በዚሁ ሳሎን፣ በከሰል ምድጃ ነው። ፖሊፕሮፒሊን በ160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ፣ ፖሊስተር በ260 ገደማ ይቀልጣሉ፤ የጋለ ፍም ከሁለቱም በብዙ ይበልጣል። ከዕጣን ማጨሻ የወደቀች ፍም ምንጣፉን ትበሳለች፤ የቀለጠው ደግሞ እንደ ሙጫ ቆዳ ላይ ይጣበቃልና ከተራ ቃጠሎ ይከፋል። በቄጠማ ምትክ የሚነጠፈው ሰው ሠራሽ ሣርም ፕላስቲክ ነው። የበግ ፀጉር ምንጣፍ ግን በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ ፍም ቢወድቅበት ይጠቁራል እንጂ አይቀልጥም።

ጨርቁ ምን እንደሆነ ለማወቅ ከጠርዙ ጥቂት ክር መዝዞ፣ ከሌላ ጨርቅ ርቆ፣ በክብሪት መለኮስ ይቻላል። ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት ይሸትና ለስላሳ አመድ ይተዋል፤ የበግ ፀጉር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ ፖሊስተር ግን ቀልጦ ሲቀዘቅዝ እንደ ዶቃ ይጠነክራል። ምድጃው ሸክላ ወይም ብረት ባለው ሰፊ ትሪ ላይ ከምንጣፉ ውጭ ቢቀመጥ፣ ቡና በሚፈላበትም ጊዜ መስኮቱ ተከፍቶ ወፍራሙ መጋረጃ ቢሰበሰብ ይመረጣል፤ የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስላለው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሰው ይገድላል።